ከረግረግ የወጣ መርከብ

በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ሰፍረው ሳለ ጣና ላይ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ተንሳፈፈ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው የደንገል ነው፤ እንደ ማንኛውም የጣና ታንኳ ደንገሉ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው ከነዶ ጋር ተጠፍሮ የተሠራ። ልዩ ያደረገው መጠኑና ጎኑ ነበር። ርዝመቱ 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ላዩ በእንጨት ተረብርቦ ወለል ወጥቶለታል። በግራና በቀኙ ደግሞ መንኰራኵር ተገጥሞለታል። መንኰራኵሩን የሚያዞረው በሰው እጅ የሚሽከረከር እጀታ ነው። በወቅቱ ከንጉሡ ሰፈር የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ይህን በዓይኑ አይቶ በመጽሐፉ አስፍሮታል።

ንጉሡ ምን እንደፈለጉ ለመረዳት አያስቸግርም። በጎናቸው መንኰራኵር ያላቸው የእንፋሎት መርከቦች በዚያን ዘመን ቀይ ባሕርን ይመላለሱ ነበር። ቴዎድሮስ የመርከቡን አሳብ ያዙና በእጃቸው ያለውን ሰበሰቡ፤ ደንገል፣ እንጨት፣ የሰው ክንድ። እሳቱ፣ ቦይለሩና ብረቱ ብቻ ቀሩ። ሙከራው ከዚያ አላለፈም።

ከዚያ 49 ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 1915፣ ሌላ የአፍሪካ ሐይቅ ላይ ሌላ መርከብ ወረደች። ቦታው ታንጋኒካ፣ ወደቡ ኪጎማ ነው። ርዝመቷ 70 ሜትር ያህል ነው፤ ብረት ናት፤ ሆዷ ውስጥ ቦይለር ይነድዳል። ያች መርከብ ሰጥማ ወጥታለች፣ ስሟ ተቀይሯል፣ ባለቤቷም ተቀያይሯል፤ ነገር ግን ከወረደችበት ቀን ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታም ሐይቋ ላይ አለች።

ሁለቱም ሐይቆች ከባሕር እጅግ የራቁ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ በአቅራቢያው ጀርመንኛ የሚናገሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በቴዎድሮስ ጊዜ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ በ1915 ደግሞ ኪጎማ ላይ። ታዲያ አንዷ መርከብ ከሙከራ ሳታልፍ ስትቀር ሌላዋ ዘመን የተሻገረችው በምን ምክንያት ነው? ጣና ዳር ባለው በፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ላይ፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ባሕር በሚሆንበት አገር ለኖረ ሰው ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ፎገራ ክረምት ላይ ከጎረቤት ጎረቤት በታንኳ የሚኬድበት ቀበሌ ያለበት ወረዳ ነው። በእኛ ዘንድ ጀልባ የሽርሽር ዕቃ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር የሚያሻግር፣ እህል የሚያወጣ ነገር ነው።

ጥያቄውን ባነሣሁ ቁጥር ከሰው የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ «እነሱ እኮ ባሕር አላቸው» የሚል። ፍለጋውን ለመጀመር ጥሩ መነሻ ሆነኝ፤ ምክንያቱም የኪጎማዋ መርከብ የተሠራችበትን ከተማ በካርታ ላይ መፈለግ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከተማዋ ፓፐንቡርግ ትባላለች፤ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን፣ ከኔዘርላንድ ድንበር ብዙም ሳትርቅ። ባሕር ዳርቻ ላይ አይደለችም። ኤምስ የሚባል ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል፤ ከመርከብ መሥሪያው ተነሥቶ ሰፊው ውኃ ዘንድ ለመድረስ በዚህ ወንዝ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ ያስፈልጋል። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ረግረግ ላይ ነው። በ1631 ዲትሪሽ ፎን ፌለን የተባለ መኰንን ያን የማይረባ የተባለ ረግረግ ያዘና ሰው አሰፈረበት። ሰፋሪው የመጀመሪያ ሥራው ቦይ መቆፈር ነበር። ቦዩ ውኃውን ያንጠፈጥፋል፤ ውኃው ሲንጠፈጠፍ ከሥር ጥቁር፣ ሥራሥር የበዛበት አፈር ይወጣል። አፈሩ በጡብ ቅርጽ እየተቆረጠ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደ ከሰል ይነድዳል። ያ ማገዶ ለከተሞች ይሸጣል።

እዚህ ላይ ነው ጀልባው የሚመጣው። ማገዶውን ከረግረጉ ለማውጣት በሬም ጋሪም አይሆንም፤ መሬቱ ይውጣል። ያለው መንገድ ቦዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ረግረግ ቆፋሪው ጀልባ ሠሪ ሆነ። መጀመሪያ ጠፍጣፋ የማገዶ ጀልባ፣ ቀጥሎ በወንዙ የሚወርድ ከፍ ያለ ጀልባ፣ በመጨረሻም ሸራ ዘርግቶ ባሕር የሚሻገር የእንጨት መርከብ። ባሕር የሌላት ከተማ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሃያ ያህል የመርከብ መሥሪያ ነበራት። ቦዮቹ ዳር ለዳር የመርከብ አጽም ቆሞ ይታይ ነበር።

ይህን ሳነብ የተሰማኝ ቅናት መሆኑን አልደብቅም። ረግረግ እኛም አለን። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር ተሸክመው ወርደው፣ ጣና አፋፍ ላይ አራግፈው የሠሩት ሜዳ ነው ፎገራ። ውኃ የሚተኛበት፣ ደንገል የሚበቅልበት፣ የፎገራ ላም የምትውልበት። ከፓፐንቡርግ ጋር የሚያመሳስለን ነገር ከሚለየን ቀድሞ ይታያል።

ከሃያዎቹ መሥሪያዎች አንዱ ማየር ቬርፍት ይባላል። በ1795 ቪልም ሮልፍ ማየር የተባለ ሰው ከፈተው። ለመጀመሪያዎቹ ሰባ፣ ሰማንያ ዓመታት የዚህ ቤት ታሪክ ከጎረቤቶቹ ታሪክ አይለይም፤ አባት ለልጅ ያስተምራል፣ እንጨት ይጠረባል፣ ስንጥቁ በቅጥራን ይደፈናል። ከተማዋን ዛሬ የሚጎበኝ ሰው ግን ከሃያዎቹ የሚያገኘው ያንኑ አንዱን ነው። የሌሎቹ ስም በታሪክ ጽሑፍ እንጂ በሥራ ላይ የለም።

መለያው ቦታ 1872 ነው። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ዮሴፍ ላምበርት ማየር በዚያ ዓመት እንጨቱን ትቶ ወደ ብረት ዞረ። ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በጊዜው ግን የከተማዋ ሀብት፣ ክብርና ችሎታ ሁሉ እንጨት ላይ ነበር። የእንጨት መርከብ ገና ይሸጣል፤ ገበያው አልሞተም። ብረት ማለት አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ምድጃ፣ አዲስ ሠራተኛ ማለት ነው፤ ጣውላ ጠራቢው ጎበዝ ብረት ፊት ጀማሪ ይሆናል። ሌሎቹ መሥሪያዎች የሚያውቁትን እንጨት ይዘው ቆዩ። ዮሴፍ ላምበርት በ1874 የመጀመሪያውን የብረት የእንፋሎት መርከብ አወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት የሸራ መርከብ ዋጋ እያጣ ሲሄድ፣ የጎረቤቶቹ መሥሪያ አንድ በአንድ ተዘጋ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያስገረመኝ ብረቱን የሠሩት እነማን እንደነበሩ ነው። የእነዚያው ማገዶ ቆፋሪዎች፣ የእነዚያው ጀልባ ሠሪዎች ልጆች ናቸው። የውኃውን ጠባይ፣ የመርከብን ሚዛን፣ ጭነት የት እንደሚቀመጥ፣ ጎኑ ስንት መጉበጥ እንዳለበት ከአያቶቻቸው ያውቃሉ። የተለወጠው የሚይዙት ነገር ነው። ብረቱ ያረፈው ለሁለት መቶ ዓመት በተከማቸ ዕውቀት ላይ ነበር።

ወደ ኪጎማዋ መርከብ እንመለስ። ጀርመን ያን ጊዜ ታንጋኒካንና አካባቢውን በቅኝ ይዛ ነበር። ከዳሬሰላም ተነሥቶ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ኪጎማ የሚገባ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ሐዲዱ ሐይቁ ጋ የደረሰው በ1914 ነው። ሐዲዱ ውኃው ዘንድ ሲቆም ከዚያ ወዲያ የሚወስድ መርከብ ያስፈልጋል። ትእዛዙ ለማየር ቬርፍት ደረሰ። ችግሩ ግልጽ ነው፤ 70 ሜትር መርከብ በባቡር አይጫንም።

ፓፐንቡርጎች ያደረጉት ይህ ነው። በ1913 መርከቧን እዚያው ከተማቸው ሠርተው ገጣጠሙ። ከዚያ ፈቷት። ቁራጩን ሁሉ 5,000 በሚሆን ሳጥን አሽገው በባሕር ዳሬሰላም ላኩት። ከዳሬሰላም በባቡር ኪጎማ ገባ። ከመሥሪያው ሦስት ሰዎች አብረው ሄዱ፤ መሪያቸው አንቶን ሩተር የሚባል መርከብ ሠሪ ነበር። ሐይቁ ዳር፣ በዚያ ሙቀት፣ የአገሩን ሠራተኛ በብዛት ይዘው ብረቱን ከብረት እያጋጠሙ፣ ሪቬቱን በእሳት እያጋሉ እየመቱ መርከቧን ዳግም ሠሯት።

ስሟ «ግራፍ ፎን ጎትሰን» ተባለ። ስሙን ሳልነካ ማለፍ አልችልም፤ ሰውዬው የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረና በ1905 የተነሣውን የማጂ ማጂ ሕዝባዊ ዐመፅ በጥይትና በረኃብ ያፈነ ነው። በዚያ ረኃብ ያለቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። የመርከቧን ሥራ ሳደንቅ ለማን እንደተሠራች አልረሳም። ሳጥኑን ያራገፉትና ሪቬቱን የመቱት አፍሪካውያን ስም በየትኛውም የመርከቧ ታሪክ ላይ አልተጻፈም፤ የሦስቱ ጀርመኖች ግን ተጽፏል።

መርከቧ በየካቲት 1915 ውኃ ስትነካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሯል። መድፍ ተጭኖባት ወታደር ታመላልስ ጀመር። በዓመቱ እንግሊዞች ሁለት ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎችን በምድር ጎትተው ሐይቁ ውስጥ አስገቡ፤ ቤልጂጎችም አውሮፕላን አመጡ። ጀርመኖች በሐምሌ 1916 ኪጎማን ሊለቁ ሆነ፤ መርከቧን ለጠላት መተው አልፈለጉም፤ እንድትሰጥም ተወሰነ።

ታሪኩ ውስጥ እኔን አስሮ ያስቀረኝ ክፍል እዚህ ጋ ነው። እንዲያሰጥሟት የታዘዙት የሠሯት ሰዎች ናቸው። ሩተርና ጓደኞቹ ፈንጂ አላጠመዱባትም። ሞተሯን በወፍራም ግራሶ ቀቡት፤ እያንዳንዱ የሚንቀሳቀስ ብረት ግራሶ ለበሰ። ሆዷን አሸዋ ሞሉት። ከዚያ ማላጋራሲ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ፣ ጥልቀቱ ብዙ ባልሆነ ቦታ፣ ቀስ ብለው አስጠሟት። ወታደር መርከብን የሚያጠፋው እንዲህ አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መርከቧ አንድ ቀን እንደምትነሣ አስቦ ነው፤ በማን እጅ እንደምትነሣ ባያውቅም።

በ1924 እንግሊዞች ከውኃው አወጧት። ለዓመታት ከውኃ በታች የቆየው ሞተር ግራሶው ሲጠረግለት ደኅና ሆኖ ተገኘ። ቦይለሩም ለአገልግሎት የሚበቃ ነበር። በ1927 «ሊምባ» የሚል አዲስ ስም ይዛ ሥራ ጀመረች፤ ሊምባ የሐይቁ የጥንት መጠሪያ ነው። ከዚያ ወዲያ ለታንዛንያ፣ ለዛምቢያና ለቡሩንዲ የሐይቅ ዳር ሕዝብ ገበያም አውቶቡስም ሆነች። በ1970ዎቹ እንፋሎቱ በናፍጣ ሞተር ተተካ። በ1997 በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኮንጎ ስደተኞች ወደ አገራቸው የተመለሱት በእሷ ነው።

አሁን ጋፋትን እንይ። ከፎገራዋ ከተማ ከወረታ ወደ ምሥራቅ የደብረ ታቦርን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ይደርስበታል። ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ ይገቡ ነበር። አንዳንዶቹ ጀርመኖች፣ አንዳንዶቹ ስዊሶች ናቸው፤ ማርቲን ፍላድ፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር። (ይህ ማየር ከመርከብ ሠሪው ቤት ጋር አይዛመድም።) ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ንጉሡ ስብከቱን ሳይሆን እጃቸውን ፈለጉ። መንገድ ሠሩ፣ ሠረገላ ሠሩ፣ በመጨረሻም በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ። ከእነሱ ጋር ሞሪትዝ ሆል የተባለ ከፖላንድ የመጣ ባለሙያም ነበር፤ የጋፋት ጉልበትና የጋፋት ምድጃ ግን የኢትዮጵያውያን ነው።

እንግዲህ ጋፋት ማቅለጥ አልቻለም አይባልም። 7 ቶን ነሐስ በአንድ ጊዜ ፈስሶ ቅርጽ የያዘበት ቦታ ነው። ነገር ግን ከእነዚያ ሰዎች መካከል መርከብ ሠሪ አልነበረም። ማቅለጥ ሌላ ነው፤ ውኃ የማያስገባ የብረት ሆድ መገጣጠም፣ እንፋሎቱን በቦይለር አፍኖ መንኰራኵር ማዞር ሌላ ነው። ንጉሡ ይህን ያውቁ እንደነበር የሚያሳየው በዚያው ዓመት ያደረጉት ነገር ነው። በሚያዝያ 1866 የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምን፣ ብላንክንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው፣ ፍላድን ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ላኩት። የጠየቁት ወርቅ አልነበረም። ባለሙያና መሣሪያ ላኩልኝ ነው ያሉት። የፍላድን ሚስትና ልጆች ማስያዣ አድርገው አስቀሩ።

ጥያቄያቸው ለንደን ደረሰ፤ መልስም አገኘ። ባለሙያዎች ተቀጠሩ፣ መሣሪያ ተገዛ፣ ሁሉም ምጽዋ ድረስ መጣ። እዚያ ቆመ። የእንግሊዝ መንግሥት «እስረኞቹ መጀመሪያ ይለቀቁ» አለ፤ ቴዎድሮስ «ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ይምጡ» አሉ። ወራት አለፉ። በ1867 ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው ተመለሱ። ቀጥሎ ምጽዋ አቅራቢያ ዙላ ላይ የወረደው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ነው።

የጥያቄዬን ግማሽ መልስ ያገኘሁት እዚህ ነው። ጣና ላይ ደንገልን የሚያውቅ እጅ ነበር፤ ጋፋት ላይ ነሐስ የሚያቀልጥ እጅ ነበር፤ ሁለቱን የሚያጋጥም እጅ ምጽዋ ደርሶ ተመለሰ። ፓፐንቡርግ ላይ ሦስቱም አንድ ቤት ውስጥ፣ በአባትና በልጅ መካከል ነበሩ።

ሌላው ግማሽ መልስ ከማልጠብቀው ቦታ መጣ። በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ወይ የሚለውን በተግባር ሊፈትን ተነሣ። ግብፅ ውስጥ ደንገሉ አልቋል። ደንገሉ የመጣው ከእኛ ከጣና ነው፤ 12 ቶን። ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ በመኪናና በመርከብ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ደረሰ። ጀልባዋን የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ናቸው። «ራ» ብለው ሰየሟት።

የጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ አንድ ገመድ አለ። ከጀልባዋ ኋላ ተጠማዞ ከሚወጣው ጅራት ተነሥቶ ወደ ወለሉ የሚወርድ። ገመዱ ጅራቱን ለማጕበጥ ብቻ የሚያገለግል መስሏቸው ጉብጠቱ ከያዘ በኋላ ተዉት። ውቅያኖስ መሐል ሲገቡ የጀልባዋ ኋላ እየዘቀጠ መጣ። ያ ገመድ ለካ የኋላውን ክፍል ወጥሮ፣ ማዕበል ሲመታው እንዲነሣ የሚያደርግ ነበር። «ራ» 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ ባርባዶስ ሳትደርስ ተፈረካከሰች። በዓመቱ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች፣ አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል፣ «ራ 2»ን በሌላ አሠራር ሠሯት። በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ሁለቴም ደንገሉ የጣና ነበር። እጁ ግን የቻድና የቦሊቪያ ሆነ፤ ዓለም የጣናን ደንገል ሲያውቅ የጣናን ታንኳ ሠሪ አላወቀም። ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት ግን ከቅሬታ ይልቅ ስለ ገመዱ ነው። አንድ ሺህ ሊቅ ሥዕሉን ቢያየው ገመዱ ለምን እንደታሰረ አይገባውም፤ ምክንያቱም ሥዕሉን የሠራው ሰው ዕውቀቱን ለልጁ ሲያስተላልፍ የነበረበት መስመር ከተቋረጠ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ሩተር ግራሶውን ሲቀባ፣ ዮሴፍ ላምበርት ወደ ብረት ሲዞር፣ ከጀርባቸው ያልተቋረጠ መስመር ነበር።

ያ መስመር በጀርመንም ቢሆን ዋስትና የለውም። ማየር ቬርፍት በ1970ዎቹ ከከተማዋ ቦዮች አልፎ ወደ ውጭ ወጣ፤ መርከቦቹ ቦዩ ውስጥ መዞር አቅቷቸው ነበር። በ1980ዎቹ ታላላቅ የሽርሽር መርከቦችን መሥራት ጀመረ። ዛሬ ከዚያ የሚወጡት ከ300 ሜትር የሚበልጡ መርከቦች ናቸው፤ በጠባቡ ኤምስ ላይ፣ ውኃው በግድብ ተገድቦ ከፍ እንዲል ተደርጎ፣ ኋላቸውን አስቀድመው፣ በጎታች ጀልባ ታግዘው ቀስ እያሉ ባሕር ይወርዳሉ። ገበሬው ላም ከሚያግድበት ሜዳ ላይ ፎቅ የሚያህል መርከብ ሲያልፍ ይታያል። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከኮሮና በፊት በተወሰነ ዋጋ የተፈረሙ ውሎች ነበሩ፤ የብረትና የመብራት ዋጋ ናረ፤ የመርከቡ ዋጋ አብዛኛው የሚከፈለው ደግሞ መርከቡ ተጠናቅቆ ሲረከቡት ነው። ቤቱ ገንዘብ አጠረው። በመስከረም 2024 የጀርመን ፌደራል መንግሥትና የታችኛው ሳክሰኒ ክልል 400 ሚሊዮን ዩሮ አስገብተው 80 በመቶ ያህሉን ድርሻ ያዙ። ከ229 ዓመት በኋላ የማየር ቤተሰብ በገዛ ቤቱ ባለ ትንሽ ድርሻ ሆነ። መንግሥት የገባበት ምክንያት በግልጽ ተነግሯል፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ሠራተኞች ከተበተኑ ያ ዕውቀት ተመልሶ አይሰበሰብም።

እኛስ? ወረታ ዛሬ ወደብ ያላት ከተማ ናት፤ ደረቅ ወደብ። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ሩዝ ማሳው አጠገብ ይወርዳል። አገራችን ባሕር አጥታም የመርከብ ድርጅት አላት፤ ዘጠኝ መርከቦችን በአንድ ጊዜ ቻይና አሠርታ አምጥታለች። ለጣና የታሰበችው «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ ተነሥታ በሎቤድ ተጭና፣ በየከተማው መንገድ እየተለካላትና እየተጠረገላት መምጣቷን ሕዝብ በየመንገዱ ወጥቶ አይቷል። ደስ ብሎኛል፤ ሐይቁ ትልቅ ጀልባ ያስፈልገዋል። ግን መርከብ በሎቤድ ስታልፍ ከማየት ባሻገር፣ በሚቀጥለው ትውልድ ቢያንስ የሚጠግናት፣ ፈትቶ የሚገጥማት የጣና ልጅ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ሩዙ በደርግ ዘመን ሲገባ እንግዳ ነበር፤ አሁን የፎገራ ገበሬ የሩዝ ሊቅ ነው። ሩዝን እንዲህ በአንድ ትውልድ የራሱ ያደረገ ሕዝብ ጀልባ መሥራት አይሳነውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መነሻው ነው፤ ታንኳው። ጣና ዙሪያ ታንኳ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ናቸው፤ ሌላውም የሐይቅ ዳር ሰው ይሠራል። ቁሐር ሚካኤል ላይ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ጋ ሄጄ ነበር።

«አባባ፣ አንድ ታንኳ ስንት ጊዜ ያገለግላል?» አልኳቸው።

«እንደ ጠባቂው ነው ልጄ» አሉኝ። «ከውኃ ስታወጣው ፀሐይ ላይ ካቆምከው ወራት ይሄዳል። ውኃ ውስጥ ከተውከው ይበሰብሳል። ደንገል ይጠጣል እኮ።»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ዘረዘሩልኝ። ደንገሉ ለጋ ሆኖ አይቆረጥም። ከተቆረጠ በኋላ በልኩ ይደርቃል፤ ከልክ በላይ ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል። መሐሉ ላይ ቀላል እንጨት ይገባል። ልጡ ሲታሰር እርጥብ መሆን አለበት፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያጎብጠው አጠማዘዝ በእጅ እንጂ በአፍ እንደማይነገር ሲነግሩኝ፣ አጠገባቸው ያለውን ሣር አንሥተው አሳዩኝ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የመርከብ መሐንዲስ ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

ደንገሉን ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅኳቸው። ድሮ ከደጃቸው እንደነበር ነገሩኝ። ረግረጉ እየተጠረገ ሩዝ ተዘራበት፤ ሐይቁ ዳር የቀረውን ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የገባው እምቦጭ አንቆታል። ጠዋት ወጥተው ደንገል ይዘው የሚመለሱት አሁን ማታ ነው። ልጆቻቸው ሩዝ ያርሳሉ፤ ጎበዞች ናቸው፤ ታንኳ ግን አይሠሩም።

«የሚማር ቢመጣ ያስተምራሉ?»

«ደንገሉን ይዞ ይምጣ እንጂ፤ ምን ከልክሎኝ!» አሉኝ።